ራፕን መጥላት መብት ነው፤ መክሰስ ግን ማስረጃ ይጠይቃል

በ2003 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ሲቲ ጆርናል» የተባለው የኒውዮርክ መጽሔት ስለ ሂፕሆፕ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ አወጣ። ጸሐፊው ጆን ማክዎርተር ናቸው፤ ጥቁር አሜሪካዊ፣ በሙያቸው የተከበሩ የቋንቋ ምሁር። ጽሑፉ የሚጀምረው ሃርለም ውስጥ ካለ አንድ ኬኤፍሲ ነው። ማክዎርተር ምሳ እየበሉ ነው። አጠገባቸው ዕድሜያቸው 14 ገደማ የሆኑ ስምንት ልጆች ይረብሻሉ። ምግብ ይወራወራሉ፤ ሥራ አስኪያጇ ደጋግማ ብትናገራቸውም አይሰሙም፤ በመጨረሻ ጥበቃ ሲጠራ እያሾፉ፣ እየተጎተቱ ይወጣሉ። በየመሃሉ አንዱ ወይም ሌላው እጁን እያወናጨፈ ራፕ ይላል። ማክዎርተር ከዚህች ምሳ ተነሥተው የደረሱበት መደምደሚያ ግን ስለ ስምንት ልጆች አይደለም፤ ሂፕሆፕ ጥቁሮችን ወደ ኋላ እየጎተተ ነው የሚል ነው።

ጽሑፉ ዛሬም ይጠቀሳል። ከአምስት ዓመት በኋላ ጸሐፊው በዚያው ጉዳይ መጽሐፍ አሳትመዋል። በጽሑፉ ውስጥ ብዙ የሚያስማማ ነገር አለ፤ ብዙ ወላጅ ሲያነበው ራሱን ይነቀንቃል። ይሁንና አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ማክዎርተር በዋና ሙያቸው የክሪዮል ቋንቋዎች አጥኚ ናቸው። ስለ አንድ ክሪዮል ቋንቋ ሰዋስው ሲጽፉ «ስምንት ተናጋሪዎች ምሳ ሲበሉ ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ ቋንቋው እንዲህ ነው» ቢሉ የሙያ ባልደረቦቻቸው ይስቁባቸው ነበር። እሳቸውም አይሉትም። ስለ ሂፕሆፕ ሲሆን ግን አሉት፤ የሳቀም ብዙ አልነበረም።

ችግሩ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ስለ ሂፕሆፕ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር፣ የሚያወግዘውም የሚያወድሰውም፣ ሁለት ዓይነት ዓረፍተ ነገሮችን ያደባልቃል። የመጀመሪያው «ይህ ዘፈን አይጥመኝም፤ ያዋርደኛል፤ ልጄ ባይሰማው እመርጣለሁ» የሚለው ነው። ይህ ፍርድ ነው፤ ባለቤቱ ሰሚው ነው፤ ማንም ማስረጃ አምጣ ሊለው አይችልም። ሁለተኛው «ይህ ዘፈን ልጆችን ወንጀለኛ ያደርጋል» የሚለው ነው። ይህኛው ስለ ዓለም የተነገረ ነገር ነው። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሐሰትም ሊሆን ይችላል፤ ይመረመራል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ልብስ ለብሶ ሲመጣ ነው ጣጣው። ማስረጃ ሲጠየቅ «የግል አስተያየቴ ነው» ይላል፤ እርምጃ ሲወሰድበት ደግሞ እንደ እውነት ይቆጠራል።

እርምጃ ይወሰድበታል ወይ? አዎ። በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የተከሳሽ የራፕ ግጥም በነፍስ ግድያ ክስ ላይ እንደ ማስረጃ ሲቀርብ አሥርተ ዓመታት ተቆጥረዋል። ስለዚህ ጉዳዩ የጋዜጣ አምድ ጭቅጭቅ ብቻ አይደለም። ወደዚያ ከመሄድ በፊት ግን የተጠናውን ማየት ይበጃል።

በ1996 ካሪ ፍራይድ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አንድ ቀላል ግን ብልህ ሙከራ አሳተሙ። ኪንግስተን ትሪዮ የተባለው የነጮች የፎልክ ቡድን በ1960 ካወጣው ዘፈን ላይ ግጥም ወሰዱ። ዘፈኑ አንድ ሰው የሕግ አስከባሪ ስለ መግደሉ የሚተርክ ነው። ግጥሙን ለተለያዩ ሰዎች ሰጡ። ለአንዳንዶቹ ራፕ ነው አሏቸው፤ ለሌሎቹ ካንትሪ ነው አሏቸው። ቃሉ አንድ ነው፤ የተቀየረው ስሙ ብቻ ነው። ራፕ ነው የተባሉት ሰዎች ግጥሙን ይበልጥ አደገኛና አስነዋሪ፣ ቁጥጥርም የሚያስፈልገው ሆኖ አገኙት። ዘፋኙ ጥቁር ነው ተብሎ ሲቀርብም ፍርዱ ከበደ። ካንትሪ ነው የተባሉት ግን ያን ያህል አልደነገጡም።

አንድ ሙከራ አንድ ሙከራ ነው፤ ብቻውን ብዙ አይሸከምም። ግን ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ አዳም ደንባር፣ ቻሪስ ኩብሪንና ኒኮላስ ስኩሪች ይኸንኑ ሙከራ መልሰው ሠሩት። ውጤቱ በዋናው ነገር ላይ ተደገመ። ራፕ የሚል ስም የተለጠፈበት ግጥም ይበልጥ አስጊ ተባለ። ከዚያም በላይ «ይህ ሰውዬ ያደረገውን ነው የሚናገረው» ተብሎ ቃል በቃል ተወሰደ። ካንትሪ ዘፋኙ ሲገድል ተረት ነው፤ ራፐሩ ሲገድል ኑዛዜ ነው እንደ ማለት።

ይህን ነጥብ አማርኛ የሚናገር ሰው ከማንም በላይ ሊረዳው በተገባ ነበር። ፉከራና ቀረርቶ በተሰማበት ሁሉ «ገዳይ» የሚለው ቃል ይዘንባል። ሰርግ ላይ ይፎከራል። የዓድዋ በዓል ላይ ከወገቡ ዝናር የታጠቀ ጎረምሳ፣ በሕይወቱ ዶሮ ያላረደ፣ ጠላት እንደ ጣለ አድርጎ ይሸልላል። ሴቷ ወዳጇን «ገዳዬ» ትለዋለች። ፖሊስ መጥቶ «ማንን ነው የገደልከው? መቼ? የት?» አይልም። ሁሉም የሚያውቀው ነገር አለ፤ ዘውጉ የራሱ ሕግ አለው፤ ግነት ይፈቀዳል፤ ፎካሪው እንደ ፎካሪ እንጂ እንደ ተናዛዥ አይሰማም። ብሮንክስ ውስጥ የተወለደው የራፕ ጉራም የራሱ ሕግ አለው። ያን ሕግ የማያውቅ ሰው ሲሰማው፣ ፉከራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ የውጭ አገር ሰው የሚደነግጠውን ያህል ይደነግጣል።

እዚህ ላይ ግን ፍሬን መያዝ ያስፈልጋል። ከዚህ ተመሳሳይነት ተነሥቶ «ራፕ ከፉከራ የመጣ ነው፤ የኛ ነው» የሚል ሰው ማግኘት አይከብድም። መመሳሰል የዘር ሐረግ አይደለም። የሂፕሆፕ አነሣስ ከብዙ የጥበብ ዘርፎች በተሻለ ተመዝግቧል፦ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ፣ ኦገስት 11 ቀን 1973፣ ብሮንክስ፣ ሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520። ሲንዲ ካምቤል የተባለች ወጣት ለትምህርት ቤት ልብስ መግዣ እንዲሆናት በሚኖሩበት ሕንፃ አዳራሽ ጭፈራ አዘጋጀች፤ ለሴት 25 ሳንቲም፣ ለወንድ 50 ሳንቲም። ሙዚቃውን ያጫወተው ወንድሟ ክላይቭ፣ ዓለም ዲጄ ኩል ኸርክ ብሎ የሚያውቀው ነው። ኸርክ ከጃማይካ የመጣው በ1967 ስለ ሆነ፣ ራፕ ከጃማይካ ዲጄዎች የማይክራፎን ንግግር የተወለደ ነው የሚለው ታሪክ በየመጽሐፉ ገብቷል። የሚገርመው ኸርክ ራሱ በ1984 በወጣው የስቲቨን ሄገር መጽሐፍ ውስጥ ይህን አልተቀበለም። የራፕ መነሻው ጄምስ ብራውንና «ኸስትለርስ ኮንቬንሽን» የተባለው የግጥም አልበም ነው ብሏል። እንግዲህ ማንን እንመን? አባት የተባለውን ሰው ወይስ ታሪክ ጸሐፊዎቹን? የባለታሪኩ ቃል ትልቅ ማስረጃ ነው፤ የመጨረሻው ግን አይደለም። ሰው ያደገበት ድምፅ ሳያውቀውም ሊያድርበት ይችላል። ይህ የሚፈታው ቀረጻ ከቀረጻ በማነጻጸር እንጂ በስሜት አይደለም። ስለ ፉከራ የሚነገረው ደግሞ ለማነጻጸር እንኳ የሚያበቃ መንገድ የለውም፤ ከጎንደርና ከጎጃም ወደ 1973ቱ ብሮንክስ ማን ወሰደው?

ወደ ክሱ እንመለስ። «ራፕ ሁሉ ስለ ሽጉጥና ስለ ሴት ስድብ ነው» ይባላል። ይህ የሚቆጠር ነገር ነው፤ ተቆጥሯልም። ቻሪስ ኩብሪን ከ1992 እስከ 2000 ፕላቲነም ከሆኑ፣ ማለትም ቢያንስ አንድ ሚሊዮን ቅጂ ከሸጡ፣ የራፕ አልበሞች ላይ 403 ዘፈኖችን በዕጣ መርጠው ግጥማቸውን መስመር በመስመር ፈተሹ። አመጽ የሚጠቀስባቸው ዘፈኖች 65 በመቶ ሆኑ። ብዙ ነው። ከአመጽ በላይ የተደጋገመው ግን ክብር ነው፤ መከበር፣ አለመናቅ፣ ስምን ማስጠበቅ፤ 68 በመቶ። በ2009 ኩብሪን ከሮናልድ ዋይትዘር ጋር ሆነው እነዚያኑ ዘፈኖች ለሌላ ጥያቄ ፈተሹ፤ ሴቶችን የሚያዋርድ ይዘት ስንቱ ላይ አለ? መልሱ 22 በመቶ ሆነ።

ይህች 22 በመቶ የሁለቱንም ወገን አፍ የምታዘጋ ቁጥር ናት። «ሁሉም» የሚለውን ሐሰት ታደርጋለች፤ ከአምስቱ ወደ አራት የሚጠጉት ዘፈኖች ውስጥ የለም። «ጥቂቶች ናቸው ስሙን የሚያጠፉት» የሚለውንም ታሳፍራለች። በሚሊዮን ከተሸጡት ውስጥ ከአምስት አንዱ ሴትን ማዋረድ ከሆነ ጥቂት አይባልም። ደግሞ እነዚህ ገበያ ላይ የተረሱ ዘፈኖች አይደሉም፤ ልጆች በቃላቸው የያዟቸው ናቸው።

ዴኒስ ኸርድ የተባሉ ተመራማሪ ደግሞ በጊዜ ውስጥ ያለውን ለውጥ ተከታትለዋል። ከ1979 እስከ 1984 ከነበሩ ታዋቂ የራፕ ዘፈኖች አመጽን የሚያነሡት 27 በመቶ ነበሩ። ከ1994 እስከ 1997 ባለው ጊዜ 60 በመቶ ደረሱ። እንግዲህ «ድሮ እንዲህ አልነበረም» የሚሉ አንጋፋ አድማጮች በዚህ ነገር ልክ ናቸው። ትዝታ ብቻ አይደለም። ለምን ተለወጠ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ትሪሻ ሮዝ የተባሉት የመስኩ ቀደምት ምሁር በ2008 መጽሐፋቸው ጣታቸውን ከሚቀስሩባቸው ነገሮች አንዱ የ1996ቱ የአሜሪካ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ነው፤ ሕጉ ጥቂት ኩባንያዎች ሬዲዮ ጣቢያዎችን እንዲሰበስቡ ስለ ፈቀደ የሚሰማው ሙዚቃ ጠበበ ይላሉ። ጥሩ ክርክር ነው። ግን ቀኑ ላይ ይደናቀፋል። ጋንግስታ ራፕ ገበያውን የያዘው ዶክተር ድሬ በ1992 መጨረሻ፣ ስኑፕ ዶግ በ1993 አልበማቸውን ባወጡበት ጊዜ ነው፤ ሕጉ ገና አልተጻፈም። ሕጉ ጠባብነቱ ለምን እንደ ቆየ ሊያስረዳ ይችላል፤ ለምን እንደ ጀመረ ግን አያስረዳም።

በግጥሙ ውስጥ ምን አለ የሚለውና ግጥሙ ሰሚውን ምን ያደርገዋል የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የሂፕሆፕ ወዳጆች ሁለተኛውን ሲጠየቁ «ምንም አያደርግም፤ ጥናት አረጋግጧል» ማለት ይቀናቸዋል። አላረጋገጠም። እንዲያውም ተቃራኒውን የሚጠቁሙ አሉ። በ1995 የታተመ አንድ ሙከራ ከ11 እስከ 16 ዓመት ያሉ 46 ጥቁር ልጆችን ወስዶ ለከፊሎቹ አመጽ ያለበት የራፕ ቪዲዮ አሳየ። ያዩት ልጆች በኋላ ስለ ጠብ ሲጠየቁ አመጽን ይበልጥ የሚቀበል መልስ ሰጡ። ከዚህ የከበደው ደግሞ በ2003 በአሜሪካ የኅብረተሰብ ጤና ጆርናል የወጣው የጂና ዊንጉድና የባልደረቦቻቸው ጥናት ነው። ከ14 እስከ 18 ዓመት ያሉ 522 ጥቁር አሜሪካውያን ልጃገረዶችን ለ12 ወራት ተከታተለ። የራፕ ቪዲዮ አብዝተው የሚያዩት ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸሩ አስተማሪ የመምታታቸው ዕድል 3 እጥፍ፣ በፖሊስ የመያዛቸው ከ2.5 እጥፍ በላይ፣ አዲስ የአባላዘር በሽታ የመያዛቸው ደግሞ 1.5 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ።

ልብ በሉ፤ ይህ ጥናት የወጣው ማክዎርተር ስለ ኬኤፍሲው ምሳ በጻፉበት በዚያው ዓመት ነው። ለክሳቸው ከስምንቱ ልጆች በብዙ የሚሻል ምስክር ነበር።

ምስክር ግን ይጠየቃል። የ1995ቱ ሙከራ 46 ልጆች ብቻ ነበሩት፤ የለካውም ቪዲዮው እንዳለቀ የተሰጠ መልስን እንጂ በዓመቱ የተፈጸመ ድርጊትን አይደለም። የ2003ቱ በናሙናም በጊዜም ይሻላል። ሆኖም ቪዲዮ የበዛባት ልጅ ማን ናት? ከትምህርት በኋላ ቤት ውስጥ ብቻዋን የምትውል፣ ተቆጣጣሪ የሌላት፣ ሥራ የሌላት ልጅ ቪዲዮም ታያለች፤ ችግር ውስጥም ትገባለች። ተመራማሪዎቹ ይህን ለማጣራት የቻሉትን ያህል ሞክረዋል፤ እንዲህ ያለ ጥናት ግን ትስስርን እንጂ ምክንያትን አያረጋግጥም። ደግሞም ያጠናው ልጃገረዶችን ነው፤ ያጠናው ቪዲዮን ነው። ስለ ሃርለም ወንዶች ልጆች፣ ስለ ግራፊቲ፣ ስለ ዳንስ፣ በጥቅሉ ሂፕሆፕ ስለሚባለው ባህል ምንም አይልም። ይህን ማለት ጥናቱን መጣል አይደለም። በልኩ መያዝ ነው። ራፕ ቪዲዮ ቀኑን ሙሉ የሚፈስበት ቤት ያለች እናት ይህን ጥናት አንብባ ቴሌቪዥኑን ብታጠፋ ያደረገችው ምክንያታዊ ነገር ነው። ሕግ አውጪ ይህን ጥናት አንብቦ ዘፋኝ ቢያስር ግን ጥናቱ ያላለውን ነው ያነበበው።

ራፕ ወንጀል ያመጣል የሚለውን በጅምላ ለሚሉ ደግሞ አንድ የማይመች እውነታ አለ። ጋንግስታ ራፕ በአሜሪካ ታሪክ ከፍተኛውን ሽያጭ ባገኘባቸው ዓመታት የነፍስ ግድያ ወረደ። በ1991 ከ100,000 ሰው 9.8 የነበረው በ2000 ወደ 5.5 ዝቅ አለ። የሂፕሆፕ መናኸሪያ በሆነችው ኒውዮርክ በ1990 ከ2,200 በላይ ሰው ተገድሎ ነበር፤ በ2000 ከ700 በታች ሆነ። እዚህ ላይ የራፕ ወዳጅ እጁን አጨብጭቦ «ይኸው! ራፕ ወንጀል ይቀንሳል» ቢል እሱም ያው ወጥመድ ውስጥ ገባ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መሆኑ አንዱ ሌላውን አምጥቷል አያሰኝም። ቁጥሩ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ራፕ የወንጀል ዋና ሞተር ቢሆን ኖሮ መስመሩ እንዲህ ሊወርድ አይገባም ነበር።

አንዳንዴ ደግሞ አስተያየት የቁጥር ካባ ደርቦ ይመጣል። «ከራፕ ገዢዎች 70 በመቶው ነጮች ናቸው» የሚለውን ያልሰማ የሂፕሆፕ አንባቢ የለም፤ አንዳንዴ 80 ይሆናል። ክርክር የሚያሸንፍ ቁጥር ነው፤ የሚያወግዘው «ጥቁሮች ለነጭ መዝናኛ ራሳቸውን ያዋርዳሉ» ለማለት፣ የሚያወድሰው «ሂፕሆፕ ዘርን አፈረሰ» ለማለት ይጠቀምበታል። ብዙ ጊዜ ምንጩ ሳውንድስካን ነው ይባላል። ሳውንድስካን ግን በሱቅ ሒሳብ መክፈያ ላይ የተሸጠውን ቅጂ የሚቆጥር ሥርዓት ነው፤ የገዢውን የቆዳ ቀለም የሚመዘግብበት መንገድ የለውም። ባካሪ ኪትዋና በ2005 ነጭ ወጣቶች ሂፕሆፕን ለምን እንደሚወዱ በጻፈው መጽሐፍ ይህን ቁጥር አንሥቶ ሞገተው። ቁጥሩ ግን አልሞተም፤ ዛሬም ይዞራል። ለነገሩ ክብ ቁጥር በቀላሉ አይሞትም።

ማስረጃ ማስረጃ ሲባል፣ የግል ድምፅ ቦታ የለውም ማለት ነው? በፍጹም። በ1999 ጆን ሞርጋን የተባለች፣ ጃማይካ ተወልዳ ደቡብ ብሮንክስ ያደገች ጋዜጠኛ የጻፈችው መጽሐፍ አለ። ሴት ሆኖ፣ ለሴት መብት እየታገሉ፣ የሚሰድብን ሙዚቃ መውደድ ምን ማለት እንደ ሆነ ትናገራለች። «የሂፕሆፕ ፌሚኒዝም» የሚለው አጠራር ከእሷ የመጣ ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የማንም ሰንጠረዥ የማይተካው ነገር አለ። 22 በመቶ የሚለው ቁጥር ስድቡ ስንት ዘፈን ላይ እንዳለ ይናገራል፤ እዚያው ጭፈራ ቤት ውስጥ፣ ቤቱ እየደመቀ ሳለ ስድቡን መስማት ምን እንደሚመስል አይናገርም። ሞርጋን ትናገራለች። ልዩነቱ እሷ የግል ታሪኳን የግል ታሪክ አድርጋ ማቅረቧ ነው። የአገሪቱን የወንጀል መጠን በራሷ ትዝታ ለማስረዳት አልሞከረችም። ማክዎርተርም በዚያች ቀን የተሰማቸውን፣ አንድ የተማረ ጥቁር ሰው የራሱ ሰፈር ልጆች ምግብ ሲወረውሩ ሲያይ የሚሰማውን ሐፍረትና ቁጣ ጽፈው ቢያበቁ ኖሮ፣ ማንም ሊነካው የማይችል ጽሑፍ በሆነ።

ነገሩ ወደ ሐበሻው ቤትም ይገባል። በእስራኤል የሚኖሩ ቤተ እስራኤል ወጣቶች በ1990ዎቹ ሬጌና ራፕ ሲሰሙ፣ እንደ ጥቁር አሜሪካውያን ሲለብሱ፣ «እነዚህ ልጆች ከማን ተማሩት? ለምን ከኅብረተሰቡ ይርቃሉ?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ማልካ ሻብታይ የተባሉ አንትሮፖሎጂስት ወደ ወጣቶቹና ወደ ጭፈራ ቤቶቹ ሄደው ጠየቁ፤ በ2001 መጽሐፍ፣ በ2003 ደግሞ ጥናታዊ ጽሑፍ አወጡ። ከወጣቶቹ የሰሙት ሙዚቃው ካራቃቸው ይልቅ፣ በቆዳቸው ምክንያት የደረሰባቸውን የሚናገሩበት ቋንቋ ስለ ሰጣቸው ልጆች የሚያወራ ነው። የምክንያቱ ቀስት ከውጭ እንደሚታየው ላይሆን ይችላል፤ መገለሉ ቀድሞ ሙዚቃው ሊከተል ይችላል። ይህን ከሩቅ ቆሞ በልብስና በፀጉር መገመት አይቻልም ነበር።

ኒፕሲ ኸስል ማርች 31 ቀን 2019 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በራሱ ሱቅ ደጃፍ ሲገደልም እንዲሁ ነው የሆነው። አባቱ ኤርትራዊ ስለ ሆነ ዜናው በሐበሻው ዘንድ እንደ ቤተሰብ ሐዘን ነበር። አንደኛው ወገን «የጋንግ ሕይወት መጨረሻው ይኸው ነው» አለ፤ በወጣትነቱ የጋንግ አባል እንደ ነበር እሱ ራሱ ደብቆ አያውቅም። ሌላው ወገን «ሰፈሩን የሚያለማ ሰው ነበር» አለ፤ በማግሥቱ ስለ ጋንግ አመጽ ለመነጋገር ከከተማው ፖሊስ አዛዥ ጋር ቀጠሮ ነበረው። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ከአንድ ሰው ሕይወት ስለ አንድ ባህል በሙሉ ፍርድ ለማውጣት ሲሞክሩ ነው ሁለቱም የሳቱት።

የለንደኑ ድሪል ሙዚቃም ያው ጭቅጭቅ ነው። ፖሊሲ ኤክስቼንጅ የተባለው ተቋም በ2021 ባወጣው ሪፖርት ድሪልን ከከተማዋ ግድያዎች ጋር አያያዘ፤ በርካታ ምሁራን በግልጽ ደብዳቤ ተቃወሙት። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ቤኔት ክላይንበርግና ፖል ማክፋርለን የብዙ መቶ ድሪል ዘፈኖችን ስሜት በኮምፒውተር ተንትነው ከፖሊስ የወንጀል መዝገብ ጋር አስተያይተው ነበር፤ ይህ ነው የሚባል ግንኙነት አላገኙም። «ተያይዟል» የምትለዋ ቃል እንዲህ ባለ ሪፖርት ውስጥ ስንመለከታት ቆም ማለት ጥሩ ነው። ገዳዩ ድሪል ይሰማል ማለት ነው? ሟቹ ይዘፍን ነበር ማለት ነው? ወይስ ዘፈኑ ነው ያጋደላቸው?

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው ግን ፍርድ ቤቱ ነው። ኤሪክ ኒልሰንና አንድሪያ ዴኒስ በ2019 ባሳተሙት መጽሐፍ የራፕ ግጥም እንደ ማስረጃ ስለቀረበባቸው ክሶች በሰፊው ጽፈዋል። ዐቃቤ ሕግ ግጥሙን ለዳኞች ሸንጎ ያነባል፤ ሸንጎው ደግሞ፣ ፍራይድና ከሳቸው በኋላ የመጡት እንዳሳዩት፣ ራፕ የሚለውን ስም ሲሰማ ልቡ ቀድሞ ይዘጋል። በ1999 ስቱዋርት ፊሾፍ ያሳተሙት ሙከራም አለ። ሰዎች ስለ አንድ የ18 ዓመት ወጣት እንዲፈርዱ ተጠየቁ። በግድያ ተከሷል መባሉ ካሳደረባቸው መጥፎ ግምት ይልቅ፣ የጻፈውን የራፕ ግጥም ማየታቸው ያሳደረባቸው ባሰ። የግድያ ክስ ሊያደርግ ያልቻለውን ግጥም አደረገው።

ካሊፎርኒያ በሴፕቴምበር 2022 ያጸደቀችው ሕግ ከዚህ የተነሣ ነው። ሕጉ የጥበብ ሥራን ከፍርድ ቤት ጨርሶ አያግድም። ዐቃቤ ሕግ ግጥም ማቅረብ ሲፈልግ ዳኛው አስቀድሞ ሁለት ነገር እንዲመዝን ያዛል፤ ስለ ዘውጉ ደንብና ልማድ የሚያውቅ ሰው የሚሰጠውን ምስክርነት፣ እንዲሁም እንዲህ ያለ ሥራ ማቅረብ የዘር ጭፍን ጥላቻ ወደ ችሎቱ ያስገባ እንደ ሆነ የሚያሳይ የሙከራና የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር። ሌላው ወገን ያንን ምርምር የሚያፈርስ ማስረጃ ካለውም ይሰማለታል። የጋዜጣ ጸሐፊ እንዲህ ያለ ግዴታ የለበትም፤ ዳኛው ግን አለበት።

ጆርጂያ እንዲህ ያለ ሕግ አልነበራትም። በአትላንታ ያንግ ታግ የተባለው ራፐር በሜይ 2022 ተይዞ ክሱ ለችሎት ሲቀርብ፣ ዳኛው በኖቬምበር 2023 ከዘፈኖቹ የተወሰዱ መስመሮች በማስረጃነት ሊቀርቡ ይችላሉ ብለው ወሰኑ። ችሎቱ በግዛቲቱ ታሪክ ረጅሙ ሆነ። ራፐሩ በኦክቶበር 31 ቀን 2024 ጥፋተኛነቱን አምኖ፣ የታሰረበት ጊዜ ተቆጥሮለት ከ15 ዓመት የገደብ ቁጥጥር ጋር ወደ ቤቱ ሄደ። ስለዚህ በእሱ ጉዳይ ላይ ሸንጎው ግጥሙን እንዴት እንዳነበበው፣ እንደ ፉከራ ወይስ እንደ ኑዛዜ፣ በፍርድ ሳይታወቅ ቀረ።